የአንዲት ቅዳሜ ሦስት መቶ ዓመት

በ14ኛው ክፍለ ዘመን አንድ ኢትዮጵያዊ መነኩሴ «ቅዳሜን እንደ እሑድ አከብራለሁ» ካለ ክህነት ይከለከል፣ ከደብሩም ይገለል ነበር። መቶ ዓመት ቆይቶ ደግሞ ቅዳሜን አላከብርም የሚለው ሰው የጉባኤ ውሳኔ አፍራሽ ሆነ። ከዚያ ሁለት መቶ ዓመት ሳይሞላ ቅዳሜን ማክበር በንጉሥ አዋጅ ተከለከለ። ይህ ሁሉ የሆነው በአንድ አገር፣ ያንኑ ኦሪትና ያንኑ ወንጌል በሚያነቡ ክርስቲያኖች መካከል ነው።

የተለየ ሐሳብን አለመታገሥ ብዙ ጊዜ የመሃይምነት ወይም የክፋት ውጤት ተደርጎ ይነገራል። የቅዳሜ ታሪክ ግን ለዚህ አባባል አይመችም። በክርክሩ የተሰለፉት ሰዎች ከዘመናቸው ሊቃውንት የሚቆጠሩ፣ አብዛኞቹም ለእምነታቸው ከልብ የቆሙ ነበሩ። አንዳንዶቹ ከባላጋራቸው ጋር ሳይስማሙ በአንድ አገር መኖር ቻሉ። ሌሎቹ ያንኑ ያህል እውቀትና ያንኑ ያህል እምነት ይዘው አገሩን ለጦርነት ዳረጉት። ሁለቱን ወገኖች የለያቸው ምን ነበር? (በዚህ ምዕራፍ ያሉት ዓመታት ሌላ ካልተጠቀሰ በቀር እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ነገሩ የተነሣው በሰሜን ነው። አቡነ ኤዎስጣቴዎስ በሰራዬ ደቀ መዛሙርት ሰብስበው ሲያስተምሩ፣ ቅዳሜም እንደ እሑድ ሰንበት ናት አሉ። ማስረጃቸው ዐሥርቱ ትእዛዛትና በሐዋርያት ስም የሚጠሩት የሥርዐት መጻሕፍት ነበሩ። በዚያ ዘመን ጳጳስ የሚመጣው ከግብፅ ነው፤ የእስክንድርያ ቤተ ክርስቲያን ደግሞ ቅዳሜን እንደ ሰንበት ማክበርን የአይሁድ ሥርዐት አድርጋ ታየው ነበር። ኤዎስጣቴዎስ በ1337 ገደማ አገራቸውን ጥለው ወጡ። በግብፅ፣ በኢየሩሳሌምና በቆጵሮስ በኩል አርመን ደርሰው እዚያው በ1352 ዐረፉ። አገር ቤት የቀሩት ተከታዮቻቸው ከክህነትና ከቤተ መንግሥት ተገልለው ኖሩ፤ ግን አልጠፉም። በሰሜኑ ደጋ የራሳቸውን ገዳማት መሠረቱ። ደብረ ቢዘን ከነዚያ አንዱ ነው።

በ1400 ዓፄ ዳዊት መሪዎቻቸውን ወደ ጉባኤ አስጠራ። በጉባኤው ላይ የተሰየሙት ግብፃዊው አቡነ በርተሎሜዎስ ነበሩ። የደብረ ቢዘኑ አባ ፊልጶስ ቅዳሜን ተዉ ሲባሉ እሺ ባለማለታቸው ታሰሩ። በ1404 ግን ንጉሡ ራሱ አስፈታቸው፤ እሳቸውና ወገኖቻቸው ቅዳሜን እንደ ልማዳቸው እንዲያከብሩም ፈቀደ። ቤተ መንግሥቱና ሌሎቹ ገዳማት በነበሩበት ሥርዐት ቀጠሉ።

በዚህ ውሳኔ ውስጥ የፖለቲካ ስሌት መኖሩ አያጠራጥርም። ኤዎስጣቴዎሳውያን በሰሜኑ ዳር አገር ሥር ሰድደዋል፤ ንጉሥም ዳር አገሩን ማስኮረፍ አይሻም። ቢሆንም ውሳኔው የተያዘበት መንገድ ሊታለፍ አይገባም። ዳዊት ከሁለቱ ማን ልክ እንደሆነ አልፈረደም። አቡኑን ተሳስተሃል አላለም፤ ፊልጶስንም አሸንፈሃል አላለም። ሁለቱም በየእምነታቸው እንዲጸኑ፣ ማንም ማንን እንዳያስገድድ አደረገ። ለ46 ዓመታት በአንድ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ሁለት ዓይነት ቅዳሜ ኖረ፤ ቤተ ክርስቲያኒቱም አልፈረሰችም።

በ1450 የዳዊት ልጅ ዓፄ ዘርአ ያዕቆብ በተጉለት ደብረ ምጥማቅ ጉባኤ ሰበሰበ። ሁለቱም ሰንበቶች በሁሉም ዘንድ ይከበሩ ተባለ፤ ከግብፅ የመጡት ሁለቱ ጳጳሳት አቡነ ሚካኤልና አቡነ ገብርኤልም ተቀበሉት። ኤዎስጣቴዎሳውያንም በበኩላቸው ከጳጳሳቱ ክህነት ለመቀበል ተስማሙ። ከመቶ ዓመት በላይ የቆየ መለያየት በዚህ አበቃ፤ ጉባኤው እስከ ዛሬ የሚመሰገነውም ስለዚህ ነው። ተሰዶ የኖረው ሐሳብ የሁሉም ሕግ ሆነ።

የሁሉም ሕግ መሆኑ ግን ሌላ ነገር አስከተለ። ዘርአ ያዕቆብ ሃይማኖቱን አንድ ለማድረግ የተነሣ ንጉሥ ነበር፤ አንድነትን የሚያይበት ዓይን ልዩነትን የማያሳልፍ ሆነ። በዚያው ዘመን የአባ እስጢፋኖስ ተከታዮች ስግደት ለሥላሴ ብቻ ይገባል ብለው ለእመቤታችን ሥዕልና ለመስቀል፣ ለንጉሡም አንሰግድም አሉ። ተገረፉ፣ አካላቸው ተቆረጠ፣ ተገደሉ፤ እስጢፋኖስም በእስር ቤት ሞቱ። ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ገድሎቻቸውን ወደ አማርኛ መልሰው «ደቂቀ እስጢፋኖስ» በሚል ካሳተሙት በኋላ፣ ለረጅም ዘመን በመናፍቅነት ብቻ ይጠሩ የነበሩትን ሰዎች ታሪክ አንባቢው ከራሳቸው ወገን መስማት ችሏል። የቅዳሜን ስደተኞች ያቀፈው ንጉሥና እስጢፋኖሳውያንን ያሳደደው ንጉሥ አንድ ሰው መሆኑ ከባድ እውነት ነው። አንዱን የተገፋ ወገን መታደግ ሌላውን ላለመግፋት ዋስትና አልሆነም።

ቅዳሜ እንደገና አከራካሪ የሆነችው እንግዳ ሲመጣ ነው። በ1541 ክሪስቶቫኦ ዳ ጋማ ከኢማም አሕመድ ጋር ለሚዋጋው ንጉሥ ሊያግዝ 400 ፖርቱጋላውያን ወታደሮች ይዞ ገባ፤ በ1543 ኢማሙ ወይና ደጋ ላይ ተገደለ። ዓፄ ገላውዴዎስ ዙፋኑ ጸና፤ ባለውለታዎቹ ግን ውለታቸውን በሃይማኖት እንዲከፍላቸው ፈለጉ። በ1555 ጎንሳሎ ሮድሪጌስ የተባለ ኢየሱሳዊ (የካቶሊኩ የኢየሱስ ማኅበር) ቄስ መጥቶ የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ተሳስታለች የሚል ጽሑፍ አዘጋጀ። ቅዳሜን ማክበር፣ ግዝረትና የአሳማ ሥጋ አለመብላት የአይሁድነት ምልክቶች ናቸው አለ።

ገላውዴዎስ ቄሱን አላሰረውም። በጽሑፍ መለሰለት እንጂ። «የሃይማኖት ምስክርነት» ተብሎ የሚታወቀው አጭር ድርሳን በዚያው በ1555 የተጻፈ ነው። ንጉሡ ክሶቹን አንድ በአንድ አንሥቶ ይመልሳል። ቅዳሜን የምናከብረው ውኃ እንደማይቀዱት፣ እሳት እንደማያነዱት አይሁድ አይደለም፤ በዕለቱ ቅዳሴ እንቀድሳለን፣ እንደ ሐዋርያት ሥርዐትም ማዕድ እናደርጋለን ይላል። ግዝረትን የአገር ልማድ ነው ይልና ከኑብያ የፊት ንቅሳትና ከሕንድ የጆሮ መብሳት ጋር ያወዳድረዋል። የአሳማ ሥጋን በተመለከተ ደግሞ የሚበላውን አንጸየፍም፣ የማይበላውንም ብላ ብለን አናስገድድም ሲል ጳውሎስ ለሮም ሰዎች የጻፈውን ይጠቅሳል።

ይህች የመጨረሻዋ መልስ ብቻዋን ትልቅ ዋጋ አላት። በዚያው ዓመት አውሮፓ ውስጥ፣ በአውግስቡርግ ከተማ፣ የጀርመን መሳፍንት የሃይማኖት ጦርነታቸውን ለማቆም ስምምነት ፈርመው ነበር። የስምምነቱ ፍሬ ነገር እያንዳንዱ መስፍን በግዛቱ ሃይማኖቱን ይምረጥ፣ ሕዝቡም የጌታውን ሃይማኖት ይከተል የሚል ነው፤ ያልወደደ አገር ለቅቆ ይሂድ። የዘመኑ አውሮፓ ከዚያ የተሻለ መውጫ አላገኘም። ኢትዮጵያዊው ንጉሥ ግን ባንድ ማዕድ የሚበላና የማይበላ አብረው ሊቀመጡ እንደሚችሉ በብዕሩ አስፍሯል። በ1557 የመጣው ኤጲስ ቆጶስ አንድሬስ ዴ ኦቪየዶ ሊያሳምነው ሲሞክርም ፊት ለፊት ተከራከረው እንጂ ከአገር አላስወጣውም። ኦቪየዶን ወደ ትግራይ፣ ወደ ፍሬሞና ያራቀው ተከታዩ ዓፄ ሚናስ ነው።

ከአርባ ዓመት በላይ ቆይቶ፣ በ1603፣ ፍሬሞና ፔድሮ ፓኤዝ የተባለ ስፔናዊ ኢየሱሳዊ ደረሰ። ከዚያ በፊት ወደ ኢትዮጵያ ሲመጣ ተይዞ በየመን ሰባት ዓመት ያህል በምርኮ ቆይቷል። ግእዝና አማርኛ ተማረ። ወጣቱን ዓፄ ዘድንግልን አግኝቶ አስደሰተው፤ ንጉሡ የቅዳሜን ሰንበትነት በአዋጅ ሊሽር ሲነሣ አትቸኩል ብሎ የመከረውም ይኸው ሰው ነው። ዘድንግል አልሰማውም። አቡነ ጴጥሮስ ሕዝቡን ለንጉሡ ከገባው የታማኝነት መሐላ ፈቱት፤ በ1604 ዘድንግል በጦር ሜዳ ተገደለ።

ፓኤዝ ምን ዓይነት ሰው እንደነበር በደንብ የሚያሳየው የጻፈው ታሪክ ነው። ሉዊስ ዴ ኡሬታ የተባለ የቫሌንሲያ ዶሚኒካዊ መነኩሴ ኢትዮጵያን ሳያያት በ1610 እና በ1611 ስለ እርሷ መጻሕፍት አሳትሞ ነበር። በመጻሕፍቱ ኢትዮጵያውያን ከጥንት ጀምሮ ለሮም የታዘዙ፣ እንከን የሌላቸው ካቶሊኮች ተደርገው ቀርበዋል። ላይ ላዩን ሲታይ ይህ ምስጋና ነው። ፓኤዝ ግን ሐሰት መሆኑን ለማስረዳት በፖርቱጋልኛ ሰፊ የኢትዮጵያ ታሪክ ጻፈ። ዜና መዋዕልና ገድል ከግእዝ ተረጎመ፤ ጾሙን፣ ጥምቀቱን፣ የሊቃውንቱን አነጋገር በዓይኑ ያየውን መዘገበ። በ1618 የግልገል ዓባይን ምንጭ ያየበትም ታሪክ በዚሁ መጽሐፍ ውስጥ አለ። ኢትዮጵያውያኑ በብዙ ነገር ተሳስተዋል ብሎ ያምን ነበር፤ ይህን አልደበቀም። ነገር ግን ስሕተት ነው ያለውን እምነት ባለቤቶቹ እንደሚሉት አድርጎ ለማቅረብ ደከመ። ኡሬታ ልዩነቱን በምስጋና ሸፈነው፤ ፓኤዝ ልዩነቱን አይቶ ሰዎቹን አወቃቸው። ከሁለቱ ኢትዮጵያውያንን ያከበረው እርማት የጻፈው ሰው ነው።

ፓኤዝን ከዚህ በላይ ማወደስ ግን አይገባም። የእርሱ ልዝብነት የንጉሡን ሰይፍ አልመለሰም። በ1607 ዙፋን የያዘው ዓፄ ሱስንዮስ ወደ ካቶሊክነት እያዘነበለ ሄደ፤ አቡነ ስምዖን እንደ ካቶሊኮቹ ክርስቶስ ሁለት ባሕርይ አለው የሚሉትን አወገዙ፤ የንጉሡ አማች ዮልዮስም ሸፈተ። በ1617 ዮልዮስና አቡኑ በአንድ ጦርነት ተገደሉ። የንጉሡ ባለሟል ሚስት የነበረችው ወለተ ጴጥሮስ ባሏ የተገደሉትን አቡን ልብስ ይዞ መጣ ብላ ትዳሯን ትታ እንደወጣች ገድሏ ይናገራል። ኋላም የካቶሊክነትን ተቃዋሚዎች በየደሴቱና በየበረሃው የመራች እርሷ ናት። ሱስንዮስ በ1622 ሃይማኖቱን በይፋ ለወጠ፤ ፓኤዝ በዚያው ዓመት ሞተ።

በ1625 ፓትርያርክ አፎንሶ ሜንዴስ መጣ። በየካቲት 1626 ንጉሡ በደንቀዝ ተንበርክኮ ለሮም ሊቀ ጳጳሳት መታዘዙን በመሐላ አጸና። ከዚያ ትእዛዝ በትእዛዝ ላይ ተደረበ። ካህናቱ እንደገና ይሾሙ፤ አብያተ ክርስቲያናት እንደገና ይባረኩ፤ ሕዝቡ እንደገና ይጠመቅ፤ ጾሙና በዓሉ በሮም ሥርዐት ይሁን፤ ግዝረት ይቅር። ቅዳሜም ትቅር።

ሜንዴስ የተማረና በእምነቱ ቅን ሰው ነበር፤ እንደ ዘመኑ አውሮፓውያን ብዙዎቹ ንጉሡ ካመነ ሕዝቡ አመነ ብሎ ያስባል። ትእዛዙ ገበሬው ጆሮ ሲደርስ ምን ትርጉም እንደሚይዝ ግን አልገባውም። እንደገና ተጠመቅ የተባለ ሰው እስከ ዛሬ አልተጠመቅህም መባሉ ነው። ቄሱ እንደገና ይሾም ሲባል ያጋባው፣ ያቆረበው፣ ወላጆቹን የፈታለት ሰው ካህን አልነበረም ማለት ነው። ታዲያ ባለፈው ዓመት የቀበራት እናቱ ምን ሆና ሞተች? ስለ ባሕርየ ክርስቶስ የሚደረገው ክርክር ለሊቃውንት ነው፤ ይህ ጥያቄ ግን በየጎጆው ገባ። ሰውየው ላስታ ላይ ጦር ያነሣው የኬልቄዶንን ጉባኤ አንብቦ አይደለም። ሙታኑ ስለተነኩበት ነው።

ጉዳዩ ለምን እዚያ እንደሚደርስ የኋላ ዘመን ጥናትም ፍንጭ ይሰጣል። በ1970 ሄንሪ ታይፌል የተባለ የሥነ ልቦና ተመራማሪ በእንግሊዝ ብሪስቶል ከ14 እስከ 15 ዓመት የሆናቸውን ተማሪዎች በሁለት ከፈለ። ልጆቹ የተነገራቸው ያንደኛውን ወይም የሌላውን ሠዓሊ ሥራ ስለወደዱ እንደተከፈሉ ነው። የቡድን ጓደኞቻቸውን አያውቋቸውም፤ አላነጋገሯቸውም። ለሌሎች ገንዘብ አካፍሉ ሲባሉ ግን ለራሳቸው ወገን አደሉ። ሌላም ነገር ታየ። ብዙዎቹ ወገናቸው የሚያገኘው በቁጥር ቢያንስ እንኳ ከሌላው ቡድን በልጦ መታየቱን መረጡ። በአንድ ሥዕል የተለያየ ሰው ይህን ካደረገ፣ ጎረቤት ለጎረቤት በየሳምንቱ የሚያየው የሰንበት ልዩነት ምን ያህል ሸክም ሊሸከም እንደሚችል መገመት አያቅትም። ቅዳሜ የሚታይ ነገር ነው። ማን በሬ እንደጠመደ፣ ማን እንዳልጠመደ መንደሩ ሁሉ ያውቃል። ንጉሥ በዚያ ላይ አዋጅ ሲያውጅ ሃይማኖትን መፈተኑ ቀርቶ ታማኝነትን መፈተን ይሆናል። ያኔ ተከራካሪ የለም፤ ታማኝና ከዳተኛ ብቻ ይቀራል።

ዐመፁ በየአቅጣጫው ተነሣ፤ ከሁሉ የበረታው በመልክአ ክርስቶስ የተመራው የላስታ ነበር። በሰኔ 1632 በወይና ደጋ በተደረገው ጦርነት የሱስንዮስ ሠራዊት አሸነፈ፤ 8,000 ያህል የላስታ ሰዎች እንደወደቁ ተጽፏል። መኳንንቱና ልጁ ፋሲለደስ ንጉሡን ይዘው በሬሳው መካከል እንዳለፉና የተገደሉት እስላም ወይም አረማዊ ሳይሆኑ ክርስቲያን ወገኖቹ መሆናቸውን እንዳመለከቱት ይተረካል። ጥቂት ቀናት ቆይቶ አዋጅ ወጣ። ንጉሡ ይህን ሃይማኖት የሰጠናችሁ መልካም መስሎን ነው፤ ስለ እርሱ ግን ብዙ ሰው አለቀ፤ የአባቶቻችሁን ሃይማኖት መልሰንላችኋል አለ። ዙፋኑን ለፋሲለደስ ለቅቆ በመስከረም ሞተ።

በዚያ አዋጅ ውስጥ የንጉሡ እምነት ስሕተት ነበር የሚል ቃል የለም። ሱስንዮስ በክርክሩ አልተረታም። የራሱ ልክነት የሌላውን ሰው ሕይወት እንደማያህል ነው ያመነው፤ ያውም እጅግ ዘግይቶ።

ብዙ የታሪክ መጻሕፍት እዚህ ላይ ደስ ብሏቸው ይቆማሉ፤ ሃይማኖት ተመለሰ፣ ፍቅር ሆነ ብለው። የሆነው ግን ሌላ ነው። ፋሲለደስ ኢየሱሳውያኑን አባረረ፤ ከደረሰው በደል አንጻር ይህ የሚጠበቅ ነበር። በ1638 ግን አጋታንጅ እና ካስያን የተባሉ ሁለት ፈረንሳውያን የካፑቺን መነኮሳት በጎንደር ተሰቀሉ። በ1665 የፈረንጆች መጻሕፍት እንዲቃጠሉ ታዘዘ። በ1668 በልጁ በዓፄ ዮሐንስ ዘመን የተሰበሰበው ጉባኤ ደግሞ ሙስሊሞች ከክርስቲያኖች ተለይተው እንዲሰፍሩ ወሰነ። በሱስንዮስ የሃይማኖት ለውጥ ውስጥ ሙስሊሞች እጅ አልነበራቸውም። አንድ ጊዜ የተለየ ሐሳብ እንደ መርዝ መታየት ከጀመረ፣ ነገሩ በጀመረው ሰው ላይ አይቆምም።

ቅዳሜ ከዚያ በኋላ አላከራከረችም፤ ቦታዋን ሌላ ነገር ያዘ። የተዋሕዶ ሊቃውንት ለኢየሱሳውያኑ መልስ ሲያዘጋጁ ስለ ክርስቶስ መቀባት በመካከላቸው ልዩነት ተፈጠረ፤ ቅብዓት፣ ጸጋ፣ ካራ እየተባባሉ ከሁለት መቶ ዓመት በላይ ተወጋገዙ። በ1878 ዓፄ ዮሐንስ አራተኛና ንጉሥ ምኒልክ በወሎ ቦሩ ሜዳ ጉባኤ አድርገው ካራ ለሚባለው የተዋሕዶ ወገን ፈረዱ፤ ሌላው ትምህርት ተከለከለ። የወሎ ሙስሊሞችም ክርስትና እንዲነሡ ታዘዙ፤ ለሹማምንቱ ሦስት ወር፣ ለሕዝቡ ሦስት ዓመት ተሰጠ። ኢማም መሐመድ ዓሊ ተጠምቀው ኋላ ንጉሥ ሚካኤል የተባሉት ሰው ሆኑ። ሼኽ ጦልሐ ግን እምቢ ብለው ተዋጉ። ብዙው ሕዝብ ቀን እየተጠመቀ ማታ ሰላቱን ሰገደ፤ ትእዛዙ ያተረፈው ሰውን ሁለት ፊት ማስያዝ ነበር።

ወሎ ዛሬ ሙስሊምና ክርስቲያን በአንድ ቤተሰብ የሚገኝበት፣ ለሠርግና ለሐዘን በአንድ ድንኳን የሚቀመጥበት አገር ተብሎ ይመሰገናል። ምስጋናው ይገባዋል። ያን አብሮነት ያቆዩት ግን ንጉሥ ያወጀውን በጎረቤታቸው ላይ ለማስፈጸም ያልፈለጉ ተራ ሰዎች ናቸው፤ ስማቸው በዜና መዋዕል አልገባም። የቦሩ ሜዳ ስም ገብቷል።

በሚያዝያ 12 ቀን 1966 ዓ.ም. 100,000 ያህል ሰው በአዲስ አበባ ጎዳናዎች ወጣ። ሰልፉን የጠሩት ሙስሊሞች ነበሩ፤ ጥያቄያቸው ሃይማኖታቸው በመንግሥት ዘንድ እኩል እንዲታይ፣ በዓላቸውም የአገር በዓል እንዲሆን ነው። ከሰልፈኞቹ መካከል ክርስቲያኖችም ነበሩ። ዓፄ ዳዊት አባ ፊልጶስን ካስፈታ 570 ዓመት ሆኖት ነበር፤ ጥያቄውም አዲስ አልነበረም። አንድ ሰው የሌላውን ቀን ሳያምንበት፣ ሳያከብረው እንኳ፣ ባለቤቱ እንዲያከብረው ሊቆምለት ይችላልን? ያን ዕለት የወጡት ክርስቲያኖች አልሰለሙም፤ አብረዋቸው የተሰለፉትም እንዲሰልሙ አልጠየቋቸውም። በመስከረም 1967 ዓ.ም. ዘውዱ ወደቀ። በዚያው ዓመት ኢድ አልፈጥር፣ አረፋና መውሊድ መሥሪያ ቤት ከሚዘጋባቸው የኢትዮጵያ በዓላት ተርታ ገቡ።